የሉክላ በረራ ቢዘገይስ? ለኤቨረስት ቤዝ ካምፕ ጉዞ ቀን አመዳደብ

ወደ ኤቨረስት ቤዝ ካምፕ፣ ማለትም ኤቨረስት ተራራ ሥር ወዳለው ሰፈር፣ በእግር ለመሄድ የሚነሳ ሰው ስለ ጫማው ይጨነቃል፤ ስለ ብርዱና ስለ ከፍታውም እንዲሁ። የብዙ ሰው ዕቅድ የሚበላሸው ግን ተራራው ላይ አይደለም። ወደ ተራራው በምታደርሰው ትንሿ አውሮፕላን ነው። የእግር ጉዞው ወደሚጀመርባት የኔፓል ከተማ፣ ወደ ሉክላ፣ የሚሄደው በረራ ዛሬ ሊኖር፣ ነገ ላይኖር ይችላል። ከነገ ወዲያ ደግሞ ኖሮም ተራው የእናንተ ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ ዕቅዱን ስታወጡ በረራው ይዘገያል ብላችሁ ጀምሩ። ጥያቄው ስንት ተጨማሪ ቀን ልያዝ የሚለው ብቻ አይደለም። ቀኖቹን የት ላስቀምጣቸው የሚለው ይብሳል። ሁለት መጠባበቂያ ቀን ይዞ ቦታቸውን ያሳሳተ ሰው ምንም ካልያዘው ብዙም አይሻልም።

ሰዓቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው። ትኬቱ ላይ 06:30 የሚል ካያችሁ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ወራቱን ግን ትኬት ላይ እንደሚታዩት በፈረንጆቹ ትቻቸዋለሁ፤ ዓመቶቹም የእነሱው ናቸው።

1. መጀመሪያ ለምን እንደሚዘገይ እወቁ

የሉክላ አየር ማረፊያ፣ በይፋ ስሙ ቴንዚንግ-ሂላሪ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛል። ማኮብኮቢያው 527 ሜትር ብቻ ነው። እሱም ሜዳ አይደለም፤ ዳገት ነው። የላይኛው ጫፍ ከታችኛው በ60 ሜትር ገደማ ይበልጣል። አውሮፕላን የሚያርፈው ሽቅብ ወደ ተራራው፣ የሚነሳው ደግሞ ቁልቁል ወደ ገደሉ ነው። ማኮብኮቢያው ካለቀ በኋላ ያለው የተራራ ግድግዳ ስለሆነ፣ ለማረፍ ዝቅ ካሉ በኋላ "ቆይ ልዙርና እንደገና ልሞክር" የሚባል ነገር የለም።

አብራሪው የሚያርፈው በዓይኑ እያየ ነው። በጉም ውስጥ መርቶ የሚያወርደው መሣሪያ እዚያ የለም። ስለዚህ ደመና ሸለቆውን ከሞላው በረራ የለም። ንፋሱ ከኋላ ከገፋም የለም። ከሰዓት በኋላ ደመናውም ንፋሱም ስለሚበረታ በረራዎቹ የሚታጨቁት ጠዋት ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ሉክላ ላይ ፀሐይ ወጣ ማለት በረራ አለ ማለት አይደለም። መነሻው ክፍት መሆን አለበት፤ በብርዱ ወራት (ዲሴምበርና ጃንዋሪ) ደግሞ ዋና ከተማው ያለበት የካትማንዱ ሸለቆ ጠዋት ጠዋት በጉም ይሸፈናል። መሃል ላይ ያለው የላምጁራ ማለፊያም 3,500 ሜትር የሚያልፍ ስለሆነ ደመና ከያዘው ያስቸግራል። ሦስቱም በአንድ ጠዋት መገጣጠም አለባቸው። ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ "ለምን አንሄድም?" ብሎ መጮህ የሚመጣው ይህን ካለማወቅ ነው።

ኦክቶበር 8 ቀን 2008 አንድ ትዊን ኦተር አውሮፕላን ሉክላ ላይ በጉም ውስጥ ሊያርፍ ሲል ተከስክሶ 18 ሰዎች ሞተዋል። የተረፈው ዋና አብራሪው ብቻ ነበር። አብራሪ አልሄድም ሲል አመስግኑት።

2. ወሩንና የሚነሳበትን ቦታ አጣሩ

ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ዝናቡ ስለሚበረታ በረራው በየቀኑ ዕጣ እንደመጣል ነው። ኦክቶበርና ኖቬምበር ሰማዩ የተሻለ ነው፤ ግን ሰውም የሚጎርፈው ያኔ ነው። ማርች፣ ኤፕሪልና ሜይም ሰው ይበዛል፣ ከሰዓት በኋላ ደመናውም ቶሎ ይመጣል። ዲሴምበር ብርዱ ከባድ ሆኖ ሰልፉ ግን ይቀላል።

ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ደግሞ አውሮፕላኑ ከየት እንደሚነሳ ጠይቁ። ከ2019 ወዲህ ሰው በሚበዛባቸው ወራት አብዛኛው የሉክላ በረራ ከካትማንዱ ሳይሆን ራሜቻፕ ወረዳ ካለችው ከማንታሊ ይነሳል። የካትማንዱ አየር ማረፊያ ስለተጨናነቀ ነው። ከማንታሊ በረራው 20 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። እዚያ ለመድረስ ግን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ በጠመዝማዛ መንገድ፣ አራት አምስት ሰዓት መንዳት አለ። በመሆኑም ከካትማንዱ የሚወጣው ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ላይ ነው። መንገዱን በ2024 ሴፕቴምበር መጨረሻ የወረደው ጎርፍ ክፉኛ ጎድቶታል፤ ስለዚህ በምትሄዱበት ሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠይቁ።

እኔ ብሆን ዋዜማውን ማንታሊ ሄጄ አድራለሁ። ከተማዋ ዝቅ ያለች ስለሆነች ይሞቃል፣ ማረፊያዎቹም ቀለል ያሉ ናቸው። ቢሆንም ሌሊቱን ሙሉ በመኪና ተንገላቶ፣ እያስመለሱ ወደ ተራራ ከመውጣት አንድ ሌሊት መተኛት ይሻላል። ሌላም ጥቅም አለው፦ መኪናው ተበላሸ፣ መንገድ ተዘጋ ብሎ የመጀመሪያው በረራ አያመልጣችሁም።

ትኬቱን ስትቆርጡ የመጀመሪያውን በረራ ያዙ። ያው አንድ አውሮፕላን ነው በአንድ ጠዋት ብዙ ጊዜ የሚመላለሰው። የመጀመሪያው ዙር ከዘገየ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ይገፋል፤ አራተኛው ሲደርስ ደመናው መጥቷል። በእውቀቱ የሚተማመን ወኪል "ሁሉም አንድ ነው" አይላችሁም።

3. ቀኖቹን በወረቀት ላይ መድቡ

አሁን እስክሪብቶ ያዙ። የተለመደው የቤዝ ካምፕ ጉዞ ይህን ይመስላል።

ቀን 1፦ ካትማንዱ መድረስ
ቀን 2፦ የእግር ጉዞ ፈቃድ ማውጣት፣ ዕቃ ማሟላት፣ ሰው በሚበዛበት ወር ደግሞ ወደ ማንታሊ መውረድ
ቀን 3፦ ወደ ሉክላ በረራ፣ በእግር ወደ ፋክዲንግ (2,610 ሜትር)
ቀን 4፦ ናምቼ (3,440)
ቀን 5፦ ናምቼ ላይ መላመጃ ቀን (ሰውነት ከፍታውን እንዲለምድ)
ቀን 6፦ ቴንግቦቼ (3,860)
ቀን 7፦ ዲንግቦቼ (4,410)
ቀን 8፦ ዲንግቦቼ ላይ መላመጃ ቀን
ቀን 9፦ ሎቡቼ (4,940)
ቀን 10፦ ጎራክሼፕ (5,164) እና ቤዝ ካምፕ (5,364)
ቀን 11፦ ካላ ፓታር (ኤቨረስት በደንብ የሚታይበት ኮረብታ) ወጥቶ ወደ ፌሪቼ መውረድ
ቀን 12፦ ናምቼ
ቀን 13፦ ሉክላ
ቀን 14፦ ወደ ካትማንዱ በረራ
ቀን 15 እና 16፦ መጠባበቂያ
ቀን 17፦ ወደ አገር መመለስ

መጠባበቂያዎቹ መጨረሻ ላይ መሆናቸውን ልብ በሉ። ብዙ ሰው አንዱን ቀን መጀመሪያ ላይ፣ አንዱን መሃል ላይ ይበትነዋል። ፍትሐዊ ይመስላል። ግን መጀመሪያ ላይ የተቀመጠ ቀን ለመሄጃው በረራ ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ በረራው በሰዓቱ ከሄደ ባክኖ ይቀራል። መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ግን ለሁሉም ይሆናል። መሄጃው ቢዘገይ ጉዞው በሙሉ አንድ ቀን ወደፊት ይንሸራተታል፣ ከመጨረሻው ይቀነሳል። መንገድ ላይ ብትታመሙም ከዚያው ትወስዳላችሁ። ምንም ካልሆነ ደግሞ ለመመለሻው በረራ እንዳለ ይጠብቃችኋል።

ከዚህ ውጭ የምቀበለው አንድ ሁኔታ ብቻ ነው። ከቡድን ጋር የምትሄዱ ከሆነና ቡድኑ በተቆረጠ ቀን ሉክላ ላይ የሚነሳ ከሆነ፣ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ። ቡድን አይጠብቅም።

ስንት ቀን ይበቃል? ጥሩ በሚባለው ወር ሁለት፣ በዝናቡ ዳርና ዳር (ሜይ መጨረሻ፣ ሴፕቴምበር መጨረሻ) ሦስት። ፈቃዳችሁ ከመሥሪያ ቤት ሁለት ሳምንት ብቻ ከሆነ፣ ሁለቱን ቀን ለማግኘት ብላችሁ መላመጃ ቀኖቹን አትሰርዙ። ቤዝ ካምፕን ትታችሁ እስከ ቴንግቦቼ ሄዳችሁ ተመለሱ። ኤቨረስት ከዚያም ይታያል።

4. ዓለም አቀፍ ትኬትና ቪዛ

የሉክላው ትኬትና ከካትማንዱ ወደ አገር የሚመልሳችሁ ትኬት ለየብቻ የተገዙ ናቸው። ስለዚህ ሉክላ ላይ ደመና ይዟችሁ ትልቁ አውሮፕላን ቢያመልጣችሁ፣ ትልቁ አየር መንገድ ጉዳዬ ነው አይልም። እሱ የሚያውቀው ቼክ ኢን ላይ አለመገኘታችሁን ነው። ከዚያም ይብሳል፤ በብዙ አየር መንገዶች ደንብ መሠረት ሳትናገሩ ከቀራችሁ የቀረው የትኬቱ ክፍልም ይሰረዛል።

ትኬቱን ስትገዙ ቀን ለመቀየር ስንት እንደሚያስከፍል አንብቡ። ሁለት ዋጋ አወዳድሩ፦ የማይቀየረው ርካሹ ትኬት፣ የሚቀየረው ደግሞ ምን ያህል እንደሚበልጠው። ልዩነቱ ካትማንዱ ላይ ከጥቂት ሌሊት የሆቴል ዋጋ የማይበልጥ ከሆነ የሚቀየረውን ውሰዱ። ለውጡም ሳያመልጣችሁ በፊት መደረግ አለበት። ስለዚህ የትኬት ቁጥራችሁንና የአየር መንገዱን ስልክ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ። ሉክላ ላይ ኢንተርኔት የሚጠፋው በጣም በሚያስፈልግበት ቀን ነው።

የኔፓል ቱሪስት ቪዛ ለ15 ቀን 30 ዶላር፣ ለ30 ቀን 50 ዶላር፣ ለ90 ቀን 125 ዶላር ነው። ዕቅዳችሁ 14 ቀን ቢሆን እንኳ የ30ውን ውሰዱ። 20 ዶላር ለማትረፍ ብሎ ደመና በያዘው አየር ማረፊያ ላይ የቪዛ ቀን መቁጠር ጤና አይሰጥም።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኔፓል ለብዙ አገሮች ዜጎች አየር ማረፊያ ላይ ቪዛ ትሰጣለች፤ ኢትዮጵያ ግን ይህ ከማይመለከታቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ቪዛውን ከመነሳታችሁ በፊት ከኔፓል ኤምባሲ ማውጣት አለባችሁ። ሲያወጡላችሁም የቀኑን ብዛት ከመጠባበቂያው ጋር ደምራችሁ ጠይቁ። በረራ ቀይራችሁ በሌላ አገር በኩል የምትመለሱ ከሆነ ደግሞ የዚያን አገር የትራንዚት ቪዛ ደንብ አስቀድማችሁ እዩት።

5. ኢንሹራንሱን አንብቡ፣ የፊት ገጹን ብቻ አትዩ

ሦስት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ ነው የሚሸፍነው? ካላ ፓታር ከ5,500 ሜትር በላይ ስለሆነ እስከ 6,000 የሚል ያስፈልጋችኋል። ሁለተኛ፣ የጉዞ መዘግየት የሚለው ክፍል ከስንት ሰዓት በኋላ መክፈል ይጀምራል፣ በአየር ጠባይ የመጣ መዘግየትንስ ያካትታል? ሦስተኛ፣ ያመለጠ ቀጣይ በረራ የሚለው ለብቻ የተገዛ ትኬትንም ይጨምራል?

የሄሊኮፕተር ሽፋን የሚባለው ለታመመ ሰው ነው። ደመና ስለሰለቻችሁ የተከራያችሁትን ሄሊኮፕተር ኢንሹራንሱ አይከፍልም። አንዳንድ ሰው "አሞኛል በል" የሚል ምክር ይሰማ ይሆናል። ማጭበርበር ነው። በሐሰት የሕክምና በረራ ምክንያት የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በኔፓል ላይ ጥርሳቸውን ነክሰዋል፤ ሰነድ በሰነድ ነው የሚመረምሩት።

በረራው ሲሰረዝ ከአየር መንገዱ የተሰረዘበትን ቀንና ምክንያት የሚገልጽ ወረቀት እዚያው ጠይቁ። አገር ቤት ከገባችሁ በኋላ ማግኘቱ ከባድ ነው። ደረሰኝ ሁሉ ፎቶ ይነሳ።

6. ገንዘብና አብረዋችሁ የሚሄዱ ሰዎች

ለእያንዳንዱ መጠባበቂያ ቀን የሚሆን የኔፓል ሩፒ በጥሬ ገንዘብ ያዙ። ሉክላና ናምቼ ላይ ኤቲኤም አለ፤ ግን ገንዘብ ያልቅበታል፣ መብራት ይጠፋል። በረራ ሲዘጋ ደግሞ ሁሉም ሰው ወደ አንዱ ማሽን ነው የሚሮጠው። ከዚህ ለይታችሁ የሄሊኮፕተር ገንዘብ ያዙ፤ በካርድ ቢሆንም ይሁን። የአውሮፕላኑ ትኬት ለውጭ አገር ሰው አንድ ጉዞ 200 ዶላር አካባቢ ሲሆን፣ በሄሊኮፕተር አንድ መቀመጫ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። በተዘጋ ማግስት ደግሞ ዋጋው ይንራል።

አስጎብኚና ተሸካሚ የያዛችሁ ከሆነ፣ ለዘገየው ቀን ማን እንደሚከፍላቸው ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። በየቀኑ የሚከፈላቸው ሰዎች ናቸው። ሉክላ ላይ እናንተ ሦስት ቀን ስትቀመጡ አስጎብኚው ወረፋ ሲያስይዝ፣ ሲሯሯጥ ነው የሚውለው፤ "ዛሬ እኮ አልሄድንም" ተብሎ ቀኑ አይዘለልም። ተሸካሚው ግን ሉክላ ሲደርስ ሥራው ስለሚያልቅ ሒሳቡን እዚያው ዝጉ።

7. ሻንጣ

የሚፈቀደው ብዙውን ጊዜ በአጠቃላይ 15 ኪሎ ነው፤ የእጅ ቦርሳም ይመዘናል። ሲከብድ ሻንጣችሁ በሌላ በረራ ሊመጣ ይችላል። ያ ሌላ በረራ ደግሞ ነገ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የተራራ ጫማችሁን አድርጋችሁ ግቡ። ፓስፖርት፣ ገንዘብ፣ መድኃኒት፣ ወፍራም ጃኬት፣ የእጅ ባትሪና ፓወር ባንክ ከእጃችሁ አይለይ። ካትማንዱ ሆቴል ውስጥ ደግሞ ለመመለሻ የሚሆን ንጹሕ ልብስና ትልቁን ሻንጣ ትታችሁ ሂዱ። ከሉክላ ወርዳችሁ በዚያው ቀን ማታ ወደ አገር መብረር ቢኖርባችሁ የሚያስፈልጋችሁ በአንድ ቦታ ታስሮ የተቀመጠ ሻንጣ ነው።

8. የመሄጃው ጠዋት

ቀድማችሁ ተገኙ፣ ሻንጣ አስመዝኑ፣ ቦርዲንግ ፓስ ያዙ፣ ከዚያ ጠብቁ። መቀመጫ ቁጥር ስለሌለው ተራራ ማየት የሚፈልግ በግራ በኩል ይቀመጥ።

ከመዘግየቱ የሚያስጨንቀው ዜና ማጣት ነው። "በረራው መቼ ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ ማንም አያውቀውም። ይልቅ "ዛሬ ሉክላ የገባ አውሮፕላን አለ?" እና "እኛ ስንተኛው ዙር ነን?" ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህ መልስ አላቸው። አንድም አውሮፕላን ካልገባ ጉዳዩ የሰማይ ነው። እየገቡ እየወጡ ከሆነ ግን የእናንተን ዙር ቁጠሩ።

እስከ ረፋድ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ለማደሪያ አስቡ። ማንታሊ ላይ የተሻሉት ክፍሎች ቶሎ ያልቃሉ። የቡድኑ አንዱ ሰልፍ ይያዝ፣ አንዱ ክፍል ይያዝ።

9. የጠፋውን ቀን ከየት እንቁረጥ?

አውሮፕላኑ በአንድ ቀን ዘግይቶ ሉክላ ገባችሁ እንበል። የመጀመሪያው ፈተና እዚህ ነው። ሰው ሁሉ "ናምቼ ሁለት ሌሊት ምን ይሠራል? እንለፈው" ይላል።

አይሆንም። ከ3,000 ሜትር በላይ የምትተኙበት ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር፣ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ተጨማሪ ቀን እዚያው ቢታደር የሚለው የሐኪሞች ምክር ነው። የናምቼና የዲንግቦቼ ሁለተኛ ሌሊቶች የገቡት ለዚህ ነው። እነሱን የቆረጠ ሰው ያተረፈውን ቀን ሎቡቼ ላይ ራሱን ይዞ ሲያስመልስ ያጠፋዋል፤ አንዳንዴም ሕይወቱን።

መቆረጥ የሚችለው እንዲህ በቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ መጨረሻ ላይ ካስቀመጣችሁት መጠባበቂያ አንዱን ውሰዱ። ሁለተኛ ቀን ከጠፋ ከመውረጃው ፈልጉ፤ ቁልቁለት ላይ ጉልበት ያለው ሰው ረዘም አድርጎ መሄድ ይችላል። ሦስተኛ፣ ካላ ፓታርን ተዉት። ከዚያም ካላዋጣ መዳረሻውን ዝቅ አድርጉ፤ ዲንግቦቼ ደርሶ መመለስም ጉዞ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ቀን ወረቀት ላይ ጻፉ፦ "በዚህ ቀን የትም ብደርስ ፊቴን አዞራለሁ።" ከላይ ባለው ሠንጠረዥ ያ ቀን አሥራ አንደኛው ነው። ለመመለሻው አንድ መጠባበቂያ ብቻ ይበቃኛል ካላችሁ አሥራ ሁለተኛው ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ቀኑን ለአስጎብኚያችሁም ንገሩት። 5,000 ሜትር ላይ ሆኖ፣ ቤዝ ካምፕ በግማሽ ቀን ርቀት እያለ፣ የመመለሻ ቀን በትክክል የሚያሰላ ሰው የለም። ሳይርቅ በቅርቡ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

10. ሉክላ ላይ ስትቀሩ

ተመልሳችሁ ሉክላ ደርሳችኋል። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ትኬታችሁን ለሎጁ ባለቤት ስጡት፤ ብዙዎቹ ከአየር መንገዱ ቢሮ ጋር የሚነጋገሩት እነሱ ናቸው። የነገው ዝርዝር ላይ መኖራችሁን እሱ ያረጋግጣል። ጠዋት አውሮፕላን ሲቃረብ ሳይረን ይጮሃል። ሎጆቹ ከማኮብኮቢያው አጥር ሥር ስለሆኑ ሻይ ይዘው የተቀመጡ ሰዎች ሁሉ አንድ ላይ ቀና ይላሉ።

ሳይረኑ ካልጮኸስ? እዚህ ላይ የወረፋውን ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። ትናንት የተሰረዘበት ሰው ዛሬ ቀድሞ የሚሄድ ይመስላል። አይደለም። ዛሬ የሚሄደው የዛሬ ትኬት ያለው ነው። የትናንቱ ሰው ባዶ መቀመጫ ወይም ተጨማሪ በረራ ይጠብቃል። ለምሳሌ በቀን 500 ሰው የሚወጣ ቢሆንና ሁለት ቀን ቢዘጋ፣ 1,000 ሰው ተከማችቷል ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ሲከፈት የዚያን ቀን 500 ሰዎች ይሄዳሉ። ተጨማሪ በረራው 200 ቢወስድ እንኳ የቀሩትን ለማንሳት ገና ብዙ ቀን ነው። ሁለት ቀን ደመና አንድ ሳምንት የሚሆነው እንዲህ ነው። በ2011 ኖቬምበር መጀመሪያ ከ2,000 በላይ ሰዎች ሉክላ ላይ ለቀናት ታግተው የከረሙትም አየሩ አልከፈት ብሎ ነበር።

ስለዚህ መቼ ምን እንደምታደርጉ ከመዘጋቱ በፊት ወስኑ። በረራችሁ ረቡዕ፣ ወደ አገር የምትመለሱት ቅዳሜ ማታ ነው እንበል።

ረቡዕ ጠብቁ። እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ካልወጣችሁ የዚያ ቀን ነገር አብቅቷል ማለት ይቻላል። ከሰዓት ቢሮው ሂዱ፣ ለሐሙስ ስማችሁን አስገቡ። ካትማንዱ ያለው ወኪላችሁም ለሄሊኮፕተር ስም እንዲይዝላችሁ ንገሩት። መያዝ ብቻ፣ ገና ሳትከፍሉ።

ሐሙስ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ አንድም አውሮፕላን ካልገባ ሄሊኮፕተር የሚጋሩ ሰዎች ፈልጉ። እዚያ የሚሠሩት አብዛኞቹ አምስት ተሳፋሪ ነው የሚይዙት። ሻንጣው የበዛ ሰው ያለበት ቡድን አንድ መቀመጫ ያጣል። ሄሊኮፕተር ማኮብኮቢያ ስለማይፈልግ፣ ደመናው ለአፍታ ሲከፈት ሹልክ ብሎ መግባት ይችላል። ነገር ግን እሱም በዓይን ነው የሚበረው። ድፍን ባለ ጉም ውስጥ "ልውሰዳችሁ" የሚል ካለ እናንተ እምቢ በሉ።

ዓርብ ላይ ማማረጥ የለም። ቀድሞ የተገኘውን፣ አውሮፕላንም ይሁን ሄሊኮፕተር፣ ያዙ። እስከ ካትማንዱ ባይደርስም ዝቅ ወዳለ ቦታ፣ ለምሳሌ ፋፕሉ፣ ካወረዳችሁ ከዚያ በጂፕ አሥር ሰዓት ገደማ ነድታችሁ ሌሊት ላይ ትገባላችሁ። ጀርባ ይቆረጣል፤ ግን ቅዳሜ ካትማንዱ ናችሁ።

በእግር መውረድስ? ብዙ ሰው "በጣም ከቆየ በእግር እወርዳለሁ" ይላል። ሂሳቡን ሥሩት። ከሉክላ ሳለሪ ሁለት ሦስት ቀን በእግር ነው፣ ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን በጂፕ። በድምሩ ሦስት አራት ቀን። ረቡዕ ጠብቃችሁ ሐሙስ ብትነሱ ቅዳሜ ወይም እሑድ ነው የምትገቡት። በእግር የመውረድ ምርጫ ርካሽ ነው፤ ግን ከሁሉም ቀድሞ ጊዜው የሚያልፍበት እሱ ነው። ትንበያው ብዙ ቀን መጥፎ ነው ካለ፣ መወሰን ያለባችሁ ማክሰኞ ማታ ነው። የጂፕ መንገዱ በየዓመቱ ወደ ሉክላ እየቀረበ ስለሆነ የመጨረሻው ጂፕ አሁን የት እንደሚቆም እዚያው ጠይቁ። አንድ ቀን ሊቀንስላችሁ ይችላል።

በአየር ጠባይ የተሰረዘ የአውሮፕላን ትኬት ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ ግን በገዛችሁበት ወኪል በኩል ነው። በሄሊኮፕተር ከመውጣታችሁ በፊት ትኬቱ "አልተጠቀመበትም" ተብሎ መመዝገቡን አረጋግጡ።

11. ሉክላ ባይሆንስ?

አሠራሩ ያው ነው፤ የሚቀየረው መሰናክሉና አማራጩ ነው። በሌላው የኔፓል ተራራ ጉዞ፣ ጆምሶም ከተማ ላይ፣ ጠላቱ ንፋስ ነው። የካሊ ጋንዳኪ ሸለቆ ረፋዱ ላይ መንፈስ ይጀምርና በረራ ያበቃል፤ ግን ወደ ፖኻራ የመኪና መንገድ ስላለ አንድ ቀን መጠባበቂያ ይበቃል። ለኬ2 ተራራ ጉዞ ወደ ፓኪስታኗ ስካርዱ የሚሄድ ደግሞ የኢስላማባድ በረራው ቢሰረዝ በካራኮራም መንገድ ሁለት ቀን እንደሚነዳ አስቦ ቀን ይያዝ።

12. ቀኖቹ ከተረፉ

በረራው ሁሉ በሰዓቱ ሄዶ ሁለት ቀን ካትማንዱ ላይ ተረፈ እንበል። ለእነዚህ ሌሊቶች ሆቴል ስትይዙ እስከ ዋዜማው ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ይሁን። የማይመለስ ክፍያ ያለበት ሽርሽር አትግዙላቸው፤ ያኔ መጠባበቂያነታቸው ቀረ። ባክታፑርና ፓታን ከከተማው ቅርብ ስለሆኑ በዚያው ጠዋት ተነስቶ መሄድ ይቻላል። ናጋርኮት ማደር የፈለገ ደግሞ ክፍሉን ከሉክላ ከወረደ በኋላ በስልክ ይያዝ።